ከትርፍ የሚቀድም ልማድ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለነጋዴ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ብዙ ጭነት ወደ ከተማው የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ አስመጪው ከጉምሩክ ጋራ የሚገናኘው በቃሊቲ ነው፤ ላኪው ቡናውን የሚያስበጥርባቸው መጋዘኖች ብዙዎቹ በዚሁ አካባቢ ቆመዋል፤ የአድዓ ጤፍም ወደ አዲስ አበባ ገበያ ሲጓዝ በዚሁ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ጭነት አጠገብ ደግሞ ባለሱቁ በየማለዳው መዝጊያውን ይከፍታል፤ በየማታውም ይዘጋል።

ለምሳሌ ያህል በዚህ መንገድ ዳር ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት ሱቆች በሐሳብ ይወሰዱ። ሁለቱም ባለሱቆች መስከረም ሲጠባ አንዳንድ ደብተር ገዙ፤ የሸጡትን፣ የገዙትን፣ በዱቤ የሰጡትንና በሣጥን የቀረውን ገንዘብ በየማታው ሊጽፉ ቈረጡ። ጥቅምትን ሁለቱም ጻፉ። ኅዳር ሲገባ ግን አንደኛው ደብተሩን ገልጦ ተመለከተና፣ «እስከ ዛሬ በመጻፌ ምን አተረፍሁ? የጻፈውም ያልጻፈውም የሚሸጠው ያንኑ ነው» ብሎ ተወው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በእርግጥም እስከዚያች ቀን ድረስ በመጻፉ አንዲት ሳንቲም አላተረፈም፤ እንዲያውም በየማታው የሩብ ሰዓት ዕረፍቱን አጥቷል። ሁለተኛው ባለሱቅም ቢሆን ከእርሱ የተሻለ ነገር አላገኘም። የሁለቱ ልዩነት ሁለተኛው መጻፉን አለማቋረጡ ብቻ ነው። ታዲያ ፍሬው ሳይታይ ልማዱን ይዞ የሚቈይ ሰው ምን አይቶ ነው የሚቈየው?

የእንቁላሉ ምሳሌ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በሁሉ አፍ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ትርጕሙን ሳያስተውል ያልፈዋል። ዶሮ እንቁላልዋን የምትታቀፈው 21 ቀን ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በመጀመሪያውና በሃያኛው ቀን መካከል የሚታይ ልዩነት የለም፤ ቅርፊቱ ያው ቅርፊት ነው። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በውስጥ ነው። በዐሥረኛው ቀን «እስቲ የደረሰበትን ልየው» ብሎ የሰበረው ሰው ጫጩትም የሚበላ እንቁላልም አያገኝም።

ከዚሁ ጋራ ሌላ ነገር ማስተዋል ይገባል። ዶሮይቱ እነዚያን ሁሉ ቀኖች ከጎጆዋ ሳትነቃነቅ አትቀመጥም። ጥቂት ልትለቅም ትነሣለች፤ ነገር ግን እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ጫጩቱን የሚገድለው መነሣትዋ አይደለም፤ ሳትመለስ መቅረትዋ ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈጀ ጤፍ

ከአቃቂ ተነሥቶ ዱከምን ያለፈ መንገደኛ ቢሾፍቱ ይደርሳል። በዚያ የሚገኘው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በጤፍ ላይ ያከናወነው ሥራ ስለ ትዕግሥት ለሚያስብ ነጋዴ ጥሩ ትምህርት ይሆናል፤ ነጋዴው የሚሸጠውን እህል ይመለከታልና።

የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ነው፤ ዘሩንም የሚያፈራው ራሱን በራሱ አዳቅሎ ነው። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን በሰው እጅ ማዳቀል የማይቻል ነገር ሆኖ ኖረ። ተመራማሪዎች ሊያደርጉት የቻሉት ከገበሬው ማሳ ከተሰበሰበው ዘር መካከል የተሻለውን መርጦ ማባዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን ታረቀ በርሄ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ በማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ግድም፣ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። በዚያች አጭር ጊዜ ሥራውን በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ የአንዱን ዓይነት ብናኝ ወደ ሌላው ማሸጋገር ተቻለ። ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ማሳው የሚመጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢመላለስ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር።

ነገር ግን በሩ ተከፈተ እንጂ ዕቃው ወዲያው አልወጣም። ማኛ የተባለው ዓይነት በንጣቱ ገበያው ይወደው ነበር፤ ምርቱ ግን አነስተኛ ነው። ዱከም የተባለው ዓይነት ብዙ ያፈራል፤ በንጣት ግን ማኛን አያክልም። ሁለቱ ተዳቅለው፣ ልጆቻቸው ከዓመት ዓመት እየተዘሩና እየተመረጡ፣ በልዩ ልዩ ቦታ እየተሞከሩ ከቈዩ በኋላ ቁንጮ የተባለው ጤፍ ለገበሬው የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ንጣትንና ብዙ ምርትን በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ በገበሬውም በነጋዴውም ዘንድ በስፋት ታወቀ። አበባው መከፈቱ ከታወቀበት ዓመት እስከዚህ ድረስ 32 ዓመት ይቈጠራል።

በእነዚህ 32 ዓመታት መካከል ተነሥቶ «እስከ ዛሬ ምን አተረፋችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የሚያሳዩት ነገር ረድፍ ረድፉን የተጻፈ መዝገብ ነበር፤ የትኛው ከየትኛው ተዳቀለ፣ መቼ ተዘራ፣ መቼ ታጨደ፣ ስንት ኵንታል ሰጠ የሚል። ዓይነቶቹ ሁሉ ስማቸውና ቍጥራቸው በመዝገብ ባይያዝ ኖሮ በመጨረሻ የተሻለውን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ባልተቻለም ነበር። መዝገቡ ፍሬ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ግን ፍሬው አይገኝም።

ዕቁብተኛው የሚያውቀው

ነጋዴው ይህን ትዕግሥት ከሌላ ሰው መማር አያስፈልገውም ይባል ይሆናል፤ ዕቁብ አለውና። 40 ሰዎች በየሳምንቱ 5,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 200,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ብድር እንደ ወሰደ ይቈጠራል፤ ቀሪውን 39 ሳምንት ዕዳውን ይከፍላል። በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ የቈጠበውን ገንዘብ በአንድነት ይቀበላል። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የሚፈሩት መጨረሻ የሚደርሰውን ሰው አይደለም፤ ዕጣውን አስቀድሞ ወስዶ ከዚያ በኋላ መጣል የሚሰለቸውን ነው። ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው የሚጐዳበት ነገር አለ። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ዘመን በሳምንት 40 የተቀበለው 200,000 ብር በሳምንት 1 የነበረውን ያህል ዕቃ አይገዛም። ሆኖም ዕቁብ የሚሰጠው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ለ40 ሳምንት ያላንዳች ማቋረጥ የጣለ ሰው በዕቁብተኞቹ ሁሉ ዘንድ ቃሉን የሚያከብር መሆኑ ታውቋል፤ ነገ ዋስ ቢፈልግ ያገኛል፤ ዕቃ በዱቤ ቢጠይቅ አይከለከልም። ይህ ስም በአንድ ሳምንት አይገዛም።

ዕቁብ ልማድን የሚያጸናበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያልጣለ ሰው በዚያው ቀን ይታወቅበታልና ነው። የሒሳብ ደብተር ግን ባለቤቱ ቢተወው የሚወቅሰው ሰው የለም። በዚህም ምክንያት ብርቱ ዕቁብተኛ የሆነ ሰው በሱቁ ውስጥ ደብተር ሳይዝ ሲኖር ይገኛል።

ደብተር የተፈለገበት ዓመት

የነጋዴ መዝገብ መያዝ ዛሬ የመጣ ሕግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ያዝዝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979 ደግሞ ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ መደበ። ዓመታዊ ገቢያቸው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው በደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያሉት በደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያሉት በደረጃ «ሐ» ሆኑ። የደረጃ «ሐ» ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አልተገደደም፤ ግብሩን የሚከፍለው በቍርጥ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተደረገ ጊዜ ግን አለመገደድ ጥቅም ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ገማቾች ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ የእያንዳንዱን የቀን ሽያጭ ገመቱ። ውጤቱም ሲነገር በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ባለሱቆች ግምቱ ከገቢያችን በላይ ነው ብለው አቤት አሉ፤ በአንዳንድ ከተማም ሱቆች ተዘጉ። ግምቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር በየሰዉ ይለያያል። የማይለያየው ነገር ግን ይህ ነው፤ በየማታው ያልጻፈ ሰው «የቀን ሽያጬ ይህን ያህል ነው» ሲል ከአፉ ቃል በቀር የሚያቀርበው ነገር አልነበረውም። በእርግጥ ደብተር ያለው ሰው ሁሉ ይረታል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ባለደብተሩ የሚከራከርበት ነገር በእጁ አለ። በሰኔ ወር የሚያስፈልገው ደብተር ደግሞ በሰኔ ወር ሊጻፍ አይችልም።

አዋጁ ከዚያ ወዲህ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ዛሬ የሚገኝበትን ደረጃና ያለበትን ግዴታ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሲሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በመጋዘኑ ምን ያህል ዕቃ እንዳለ፣ በስንት እንደ ገዛውና መልሶ ለመተካት ስንት እንደሚያስፈልገው ያላወቀ ነጋዴ ሸጬ አተረፍሁ እያለ መደርደሪያውን ባዶ አደረገ፤ በሸጠበትም ገንዘብ የሸጠውን ያህል ሊተካ አልቻለም። በሌላ በኩል ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ታሽገው ነበር። የገዛበትን ደረሰኝ በተራ አስቀምጦ የቈየ ሰው ዋጋውን በምን ምክንያት እንደ ወሰነ ለጠየቀው ሁሉ ሊያስረዳ ይችል ነበር። ደረሰኝ ማስቀመጥ ለወትሮው ትርፍ የሌለው ሥራ ይመስላል፤ በዚያች ወር ግን ሱቅ የሚያድን ሆነ።

ለአስመጪና ለላኪ

አስመጪው ዕቃውን በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲያስመጣ የሚገዛው በሰነድ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ባንኩ የቀረበለትን ሰነድ የሚመረምርበት ጊዜ ከ5 የባንክ የሥራ ቀኖች አይበልጥም። በፋክቱሩ ላይ የተጻፈው የዕቃ ዓይነት በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ካለው ጋራ ካልተስማማ ባንኩ ክፍያውን ሊያቆም ይችላል። እርማቱ በደብዳቤ ሲመላለስ ዕቃው በወደብ ይቀመጣል፤ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይም በየቀኑ ይቈጠራል። ፋክቱሩን፣ የማሸጊያውን ዝርዝርና የጭነቱን ሰነድ ጐን ለጐን አድርጎ መሥመር በመሥመር የሚያነብ ጸሐፊ ግማሽ ሰዓት ይወስድበት ይሆናል። ከሃያ ጊዜ ዐሥራ ዘጠኙን ምንም ስሕተት አያገኝም። ሃያኛው ጊዜ ግን የዐሥራ ዘጠኙን ድካም ሁሉ ይከፍላል፤ የትኛው ሃያኛ እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለቡና ላኪም ነገሩ ያው ነው። የዓለም የቡና ድርጅት ወደ ውጭ ለሚላክ ቡና ያወጣው መመዘኛ የቡናው እርጥበት ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እርጥበቱ የበዛ ቡና በመርከብ ላይ ሳለ ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭነት ወደ መጋዘን ሲገባና ሲወጣ መለካትና የተለካውን መጻፍ ይገባል። ገዢው በሌላ አገር ሆኖ አንድ ጊዜ የተበላሸ ቡና ቢደርሰው የሚያስታውሰው እርሱን እንጂ ከዚያ በፊት የተላከለትን ዐሥር መልካም ጭነት አይደለም።

ማላመድና ማዝለቅ

ጃፓኖች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሻሻሉ መሄድን ካይዘን ይሉታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን መንግሥት እርዳታ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ። የሥራው መጀመሪያ በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብለው ተሰይመዋል፤ እነርሱም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው ማጣራት፣ ሁሉን በቦታው ማስቀመጥና ማጽዳት በአንድ እሑድ ሊፈጸም ይችላል። ሱቅን ከሱቅ፣ መጋዘንን ከመጋዘን የሚለዩት ግን የቀሩት ሁለቱ፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። እነርሱ ደግሞ የሚጠይቁት ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነው።

ምን ያህል ጊዜ? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ጓደኞችዋ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ልማድ መርጠው ለ12 ሳምንት ያህል በየቀኑ ሞከሩት። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ ተገመተ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን የሚደርስ ሆነ። አንድ ቀን መሳትም ልማዱን እንደማያፈርሰው ተመለከቱ። ይህም የዶሮይቱ ነገር ነው፤ የተነሣ ይመለስ እንጂ ተነሥቷልና ጠፋ አይባልም።

66 ቀን ለኢትዮጵያዊ ሰው የሚያስፈራ ቍጥር አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም፣ ረመዳንን ወሩን ሙሉ የሚጾም ሕዝብ ነው። ጿሚው በየቀኑ ማታ «ዛሬ በመጾሜ ምን አገኘሁ?» ብሎ ሒሳብ አይተሳሰብም፤ የጀመረውን ይጨርሳል። ያው ሰው በሱቁ ደብተር ላይ ይህን ጽናት ቢያውለው ኅዳር ሲገባ ልማዱ በቂ ሥር ይይዝለት ነበር። ያ አንደኛው ባለሱቅም ደብተሩን የጣለው ሥሩ ሊይዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

የጥያቄው መልስ

በመጨረሻ «ጽፌ ምን አተረፍሁ?» ወደሚለው መመለስ ይገባል። በሳምንት 6 ቀን የሚከፈት ሱቅ በዓመት 312 ቀን ይሠራል። በየቀኑ ከሣጥኑ 20 ብር ቢጐድል፣ በመልስ ስሕተት ይሁን በሌላ፣ በዓመቱ 6,240 ብር ይሆናል። በየማታው የሚቈጥር ሰው ጉድለቱን በዚያው ማታ ያየዋል፤ ከማን ጋራ እንደ ተሳሳተ ገና ያስታውሳል። በወር አንድ ጊዜ የሚቈጥር ሰው ገንዘቡ መጉደሉን ያውቃል፤ በየት እንደ ጐደለ ግን አያውቅም። ጭራሽ የማይቈጥር ሰው መጉደሉንም አያውቅ፤ «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል። እንዲሁም በየቀኑ 100 ብር ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው በዓመቱ 31,200 ብር ይኖረዋል፤ ይህንንም ገንዘቡ ዋጋው ሳይቀንስ በዕቃ ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛው ባለሱቅ ይህን ሁሉ በኅዳር አላወቀም። በጥር ወር ዱቤ የወሰደ ደንበኛ «ከፍያለሁ» ሲለው ደብተሩን ገልጦ ቀኑንና ልኩን በትሕትና አሳየው፤ ጠብም አልተነሣም። በመጋቢት የትኛው ዕቃ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነካ በመደርደሪያ እንደ ቈየ አየና ዳግመኛ አላመጣውም። በሰኔ ሒሳቡን ሲዘጋ እንግዳ ነገር አልገጠመውም። ብድር ቢፈልግም ባንኩ ከመያዣው ሌላ የሚጠይቀውን የሒሳብ መግለጫ የሚያዘጋጅበት መነሻ አለው።

መልካም ልማድ ሁሉ ያበለጽጋል ተብሎ አይማልም። መልካም ልማድ እያለው ገበያ የጣለው ነጋዴ አለ፤ ምንም ሳይጽፍ ዕድል የቀናውም አለ። ነገር ግን ዕድል የቀናው ሰው ዕድሉ ሲሄድ ምን እንደ ወሰደበት አያውቅም፤ ልማድ ያለው ሰው ግን ቢወድቅ እንኳ የወደቀበትን ስፍራ ያውቀዋል፤ ከዚያም ይነሣል።

ደብተሩ የሚገዛው በጥቂት ብር ነው። መስከረምንም መጠበቅ አያሻም፤ ዛሬ ማታ መዝጊያው ከመውረዱ በፊት የመጀመሪያው መሥመር ሊጻፍ ይችላል።